የዘር በሽታ ቤተሰቡን ሁሉ ይይዛል ያለው ማነው?

ጋሼ፣ ስለ አዘዞዋ ልጅ የጻፉትን አነበብኩት። «ጠዋት ትሮጣለች፣ ማታ እግሯ ይጣመማል። ወላጆቿ ጤነኛ ስለሆኑ የዘር አይደለም፣ ጥላ ወጊ ነው» ብለዋል። ጎንደር ላይ እንዲህ ሲባል ያልሰማ የለም፤ ግን ልክ አይደለም።

ልጅቷ ምን እንደያዛት የሚናገረው ሐኪም ነው። ሆኖም ማታ የሚብስ፣ ከእንቅልፍ በኋላ ቀለል የሚል የታወቀ ሕመም አለ፤ የሴጋዋ በሽታ ይባላል። ብዙ ጊዜ መነሻው ጂሲኤች1 የተባለ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ላይ የሚገኝ ለውጥ ነው። የበሽታው መነሻ ይህ ጂን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ለውጡ አንጎል ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን ለመምራት የሚረዳ ኬሚካል የሚሠራበትን መንገድ ያዳክማል።

ታዲያ ወላጅ ለውጡን ይዞ ዕድሜ ልኩን ምንም ላይሰማው ይችላል። ሕመሙ ሴቶች ላይ ይበዛል። በአንድ ቤት ልጅቷ እግሯ ይጣመማል፣ አክስቷ በስተርጅና እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ፓርኪንሰን የተባለው የአንጎል ሕመም ነው ሊባልም ይችላል። አንዳንዴም ለውጡ ልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው።

ጠበሉን ተዉ አልልም፣ ማን ሆኜ! ግን ይህ በሽታ ካለባቸው አብዛኞቹ ሌቮዶፓ በተባለ፣ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን በሚለወጥ መድኃኒት፣ በትንሽ መጠን እንኳ፣ በጣም ይሻላቸዋል። የነርቭ ሐኪም ይያት። ማታ እግሯ ሲጣመም በስልክ ይቀረጽ፤ ጠዋት ቀጠሮ ላይ ምንም ላይታይባት ይችላል።