ራሱን የቻለ ራስጌ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 በተዘጋ ማግስት የሚጠረዘውን የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ገጽ በገጽ ያገላበጠ ሰው ለታታሪነታችን ሌላ ምስክር አይፈልግም። ምዕራፎቹ ከመሐል ሜዳ በፍላሽ፣ ከሸዋ ሮቢት በቴሌግራም፣ ከአንኮበር በሰው እጅ መጥተው ደብረ ብርሃን ላይ ሲገናኙ እያንዳንዱ የራሱን ራስጌ፣ ማለትም በየገጹ አናት ላይ የሚደጋገመውን ጽሑፍ፣ ደፍቶ ነው። አንዱ «ሰሜን ሸዋ ዞን» ሲል ሁለተኛው ቀለም ለመቆጠብ ሳይሆን አይቀርም «ሰ/ሸዋ» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ሦስተኛው «ሰሜንሸዋ» ብሎ ያጣብቀዋል። የሒሳብ ክፍሉማ ከሁሉም ይልቃል፤ «የ2015 በጀት ዓመት» ከሚል ራስጌ ሥር የ2016ን ወጪ አስፍሮ አምናንና ዘንድሮን በአንድ ገጽ አስታርቋል። እንዲህ ያለው ጥበብ በትምህርት አይገኝም።

ሥራ የሚጠሉ ሰዎች ግን ሌላ መንገድ አላቸው። ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ምዕራፎቹን ሁሉ «ቡክ» በሚባል አንድ ፋይል ይሰበስቡና ከመካከላቸው አንዱን ምንጭ አድርገው «ሲንክሮናይዝ» የሚለውን ሲጫኑ፣ ምንጩ ላይ የተመረጡት ስታይሎች (የጽሑፉ መልክ ደንቦች) እና የገጽ አብነቶች (በየገጹ የሚደገመውን የሚይዙት ሞዴል ገጾች) ወደ ቀሩት ምዕራፎች ይገለበጣሉ። የራስጌውን ቃል እንኳ አይተይቡትም፤ አብነቱ ላይ የተቀመጠው ተለዋዋጭ ጽሑፍ የምዕራፉን ርእስ ከገጹ ላይ ራሱ አንብቦ ያሰፍረዋል፣ ርእሱ ሲታረምም አብሮ ይታረማል። ፍሬም ሜከር የሚባለው ሌላው ፕሮግራምም ከአንዱ ፋይል ወደ ሌሎቹ የገጽ አቀማመጡን ያሻግራል፤ ወርድ ላይ የቀሩትም ርእሱን ከገጹ ላይ ወስዶ ራስጌው ላይ የሚያሰፍር «ስታይልሬፍ» የሚባል ፊልድ አላቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ በአንድ ቀትር ካለቀ፣ ፋይል በፋይል እየከፈተች ራስጌ የምትተይበው ጸሐፊ እስከ ማታ ምን ልትሠራ ነው?

ከዚህም የሚከብደው የክብር ጉዳይ ነው። ምንጩ የማን ምዕራፍ ይሁን? ዕቅድ ክፍሉ «እኔ እቀድማለሁ» ይላል፣ ሒሳብ ክፍሉ «ገንዘቡን የያዝኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ማን ከማን አንሶ ነው የሌላውን ራስጌ የሚሸከመው? ደግነቱ ሲንክሮናይዝ የሚተካው ስማቸው አንድ የሆኑ አብነቶችን ብቻ ነው። ይህን ቀድመው የተረዱት የሚመስሉት ክፍሎቻችን አብነታቸውን አንዱ «አዲስ»፣ ሌላው «አዲስ የመጨረሻ»፣ ሌላው «የመጨረሻ የታረመ 2» ብለው ሰይመዋል፤ ቡኩ ውስጥ ገብተውም ማንም አይነካቸውም።

ዘንድሮ አንድ ወጣት ባለሙያ እነዚህን ስሞች አንድ አድርጎ፣ ራስጌውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አስተካክሎ ሪፖርቱን አቀረበ። ከሁሉም ክፍሎች የተውጣጣ መሆኑ አይታወቅም ተብሎ ተመለሰለት።