ቆልተን እንላክ ወይስ ጥሬውን? ስለ ቡና የውጭ ገበያ የተጻፈ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ኢትዮጵያ ጥሬ ቡና መላኩን ቀንሳ፣ ቆልታና አሽጋ በራሷ ስም ትሽጥ» የሚል ነው። ሐሳቡን የምትደግፈው አዲስ አበባ ውስጥ ቡና እየቆላች የምታሽግ ወጣት ነጋዴ («ቆዪዋ») ናት። የሚቃወሙት ለብዙ ዓመታት ጥሬ ቡና የላኩ ሰው («ላኪው») ናቸው። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቆዪዋ፦ ጋሼ፣ ስዊዘርላንድ አንድ እግር ቡና አታበቅልም። ወደ ውጭ ከምትልከው ቡና የምታገኘው ገንዘብ ግን ከቸኮሌቷም ከአይቧም ይበልጣል። ጀርመንም ጥሬውን በሃምቡርግና በብሬመን ታስገባና ቆልታ ለጎረቤቶቿ ትሸጣለች። እኛ በየጆንያው 60 ኪሎ ሞልተን ጂቡቲ ካደረስን በኋላ ቡናው በማን ስም እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚጠጣው፣ ሲኒው ስንት እንደሚያወጣ አናውቅም። ጃፓን ውስጥ የሐረርና የሲዳማ ቡና ለብዙ ዓመታት «ሞካ» እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል። ሞካ የየመን ወደብ ናት፤ ሐረር የት፣ ሞካ የት! እዚሁ እንቁላው፣ ከረጢቱ ላይ የራሳችንን ስም እንጻፍ፣ ለጠጪው በቀጥታ እንሽጥ ነው የምለው።

ላኪው፦ አፍ ላይ ቀላል ነው፣ ልጄ። ጥሬ ቡና በደንብ ከተያዘ ወራት ይቀመጣል። የተቆላው ከምድጃ ከወጣበት ቀን ጀምሮ መዓዛውን እያጣ ይሄዳል፤ ደህና ጣዕሙ የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ብዙ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው አፍሪካን በደቡብ ዞረው ነው አውሮፓ የሚገቡት። ያንቺ ቡና በስንት ጊዜው ደርሶ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ፣ አጠገቡ የተቀመጠው የበርሊን ቆዪ ቡና ባለፈው ሳምንት የተቆላ ነው። ገዢው ከረጢቱን ገልብጦ ቀኑን ያያል። ያገርሽን ልጅነት አይቶ አያልፍልሽም።

ደግሞስ ጠጪው ማን ነው? ሳዑዲ ከትልልቅ ደንበኞቻችን አንዷ ናት። ሳዑዲው ጥሬውን ይገዛና ገርጣ እስኪል ብቻ አሙቆ በሄል ያፈላዋል፤ የኛ ጥቁር ቁሌት ለእሱ ያረረ ነው። ዋሽንግተን ያለው ሀበሻም ብዙው ጥሬ ነው የሚገዛው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውን በጨርቅ ሸፍኖ ሳሎኑ ውስጥ ይቆላል። የራስሽ ወገን እንኳ የተቆላ አይገዛሽም!

ቆዪዋ፦ የጨርቁስ እውነት ነው። ግን ለሳዑዲ የጀበና ቁሌት ልሽጥ መቼ አልኩ? ለሴኡል ካፌ ለስለስ ያለ፣ ኤስፕሬሶ ለለመደው ጣሊያን ጠቆር ያለ፤ ቁሌቱ እንደ ሀገሩ ይለያያል። ይህን ማወቅ የኔ የሥራ ድርሻ ነው። መርከቡን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ አበባ በመርከብ ነው እንዴ ሆላንድ የሚገባው? ከቦሌ በአውሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ይደርሳል፤ አበባ ደግሞ ከቡና በላይ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ሲቆላ ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆነው ክብደቱ ይተናል፤ ስለዚህ ለውሃና ለገለባ ጭነት እየከፈልን ያለነው ዛሬ ነው። ቀረጡም ሰበብ አይሆንም፤ የአውሮፓ ኅብረት ለኛ ዓይነት አገሮች ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉን ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ የተቆላውንም ጨምሮ።

ላኪው፦ አበባውን ሆላንድ ውስጥ አልስሜር ላይ ትልቅ ጨረታ ይጠብቀዋል፤ ገዢዎቹ እዚያው ተሰብስበዋል። የተቆላ ቡናሽን ማን ይጠብቀዋል? በየሱፐርማርኬቱ እየዞርሽ መለመን ነው። ለመደርደሪያው ይከፈላል፣ ለማስተዋወቂያ ቅናሹ ይከፈላል፣ ቀኑ ያለፈበት በአንቺ ኪሳራ ይመለሳል። ጽሑፉ በየሀገሩ ቋንቋ መታተም አለበት። ጋዝ የሚያስተነፍሰውን ከረጢት ራሱን ከውጭ በዶላር ነው የምታስገቢው።

(ስለ ካርጎ ዋጋ ሁለቱም ቁጥር አላቀረቡም። ክርክሩ ግማሹ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ቢያቀርቡ ደግ ነበር።)

ቆዪዋ፦ ስምን ቀለል አደረጓት፣ ጋሼ። በ2005 መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ቢሮ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካው የካፌ ኩባንያ ስታርባክስ «ሲዳሞ» ያለበትን አንድ መጠሪያ ለራሱ ሊያስመዘግብ ቀድሞን ገብቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የኛን ማመልከቻ ተቃወመ። የተራድኦ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፣ ጉዳዩ የዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ፣ በጁን 2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ስሙ ገንዘብ ባይሆን ያን ሁሉ ምን አስለፋቸው?

ላኪው፦ ይህ ታሪክ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ክርክሩ የነበረው በጥሬ ቡና ላይ ነው፤ መፍትሔውም የውጭው ቆዪ ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስዶ ስማችንን በከረጢቱ ላይ እንዲጽፍ ነበር። ኮሎምቢያን እይ። ሁዋን ቫልዴዝ የሚባለውን ባለ በቅሎ የማስታወቂያ ገበሬ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጡት የገበሬዎቹ ፌዴሬሽን ናቸው፤ ገንዘቡ የመጣው ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ ከሚቆረጥ መዋጮ ነው። ማስታወቂያው ምን ይሸጥ ነበር? ጥሬውን! አሜሪካዊው ቆዪ ምልክቱን ከረጢቱ ላይ እንዲለጥፍ፣ ጠጪውም «የኮሎምቢያ አለህ?» ብሎ እንዲጠይቅ። በስሙ ካፌ የከፈቱት በ2002 ነው፤ አርባ ዓመት ጠብቀው። አንቺ ግን ከካፌው ልትጀምሪ ነው።

ቆዪዋ፦ ኮሎምቢያዎቹ አርባ ዓመት ስሙን ሲያስተዋውቁ እኛ ምን ስናደርግ ነበር? ስሙን አስመዘገብን፤ ማን አስተዋወቀው? በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጣ፤ ገበሬው የሚከፈለው ቶሎ ሆነ፣ ይህን አልክድም። ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ መጋዘን ሲገባ የእርሻው ስም ጠፋ። በቀጥታ ይሸጡ የነበሩት የገበሬ ዩኒየኖችና ትልልቅ እርሻዎች ብቻ ናቸው። የውጭው ቆዪ «ይህ ከየትኛው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው?» ሲል መልስ አልነበረንም። በምርት ገበያው በኩል ብቻ ሽጡ የሚለው ደንብ እስኪላላ 2017 መድረስ ነበረበት።

የዶላሩን ነገር ደግሞ እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቁታል። ስንቱ ላኪ ነው ከገዛበት በታች እየሸጠ፣ በሚያገኘው ዶላር ብረትና መኪና አስመጥቶ ያተረፈ? እንዲህ ያለ ሻጭ ለዋጋ ምን ብሎ ይከራከራል! ቡናውን አርክሶ የሸጠው ገዢው ፈረንጅ አይደለም።

ላኪው፦ ያ ነበር፤ ምንዛሪው በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ያ ስሌት እንደ ድሮው አያዋጣም። ስለ ጥራት ካነሳሽ ግን ሌላ ልንገርሽ። በ2008 ጃፓኖች ቡናችን ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኙ። ገበያው ወዲያው ወደቀ። የተጠረጠረው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጆንያው! ያን ጊዜ እኔና ቢጤዎቼ የተማርነው ስለ ስም አይደለም፤ ስለ ጆንያ፣ ስለ መጋዘን፣ ስለ ናሙና ነው። ገዢው የላክሽለትን ናሙና ቀምሶ ይፈርምና ኮንቴይነሩ ሲደርስ ያንኑ ጣዕም ይፈልጋል። ይህን ሳናስተካክል ቆልተን ብንልክ ጉድለታችንን በሚያምር ከረጢት ማሸግ ነው።

ቆዪዋ፦ እንግዲያው አሁን ጥሩ ጊዜ ነው። አውሮፓ የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ሕግ በ2023 አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት የበቀለ ቡና አይገባም። የያንዳንዱ ማሳ መገኛ በካርታ ላይ መመዝገብ አለበት። ያ መረጃ ከተሰበሰበ የገበሬውን ቀበሌ ከረጢት ላይ ለመጻፍ ምን ይቀራል?

ላኪው፦ መረጃው ለጥሬውም ለተቆላውም ያው ነው። አንቺን የሚለይሽ ነገር አልሆነም።

ቆዪዋ፦ እሺ፣ እንዴት እንደምጀምር ልንገርዎ። ሱፐርማርኬት አልገባም። አንድ ከተማ እመርጣለሁ፣ በርሊንን እንበል። ሰኞ ቆልቼ ማክሰኞ በአውሮፕላን እልካለሁ፤ እዚያ ያለ አከፋፋይ ቀድመው ለከፈሉ ካፌዎችና ቤተሰቦች ያደርሳል። ቀኑ ከረጢቱ ላይ ይጻፋል። ካልሸጠ አላበዛም።

ላኪው፦ ይህንስ አልቃወምም። ግን ይህ ያንቺ ሱቅ እንጂ የአገር ገበያ አይደለም። በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የምርጥ ቡና ውድድር መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ ፓውንዱ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል። ያ ቡና ጥሬ ነበር! ከቅምሻ ናሙናው በቀር ማንም አልቆላውም፣ ማንም አላሸገውም። ቀማሾች ቀመሱት፣ ስሙ ከነባለቤቱ ተጻፈ፣ ዓለም ተሻማበት።

ቆዪዋ፦ ያ አንድ ጥቂት ጆንያ ነው፣ ጋሼ። በዚያው ዓመት ከዚያው ሲዳማ የወጣው የቀረው ቡና በስንት ተሸጠ? ላኪው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይንገሩን።