ቅጣቱን ለምን ቀነሱት?

«አስራ አምስት ዓመት የነበረውን ሰባት አደረጉት! ለደላላ አዝነው ነው?»

ይሄን ያለው አንድ ወዳጃችን ነው። ታናሽ ወንድሙ በሊቢያ በኩል ሊሻገር ወጥቶ ቤተሰቡ ቤት ሸጦ ነው ያስለቀቀው። የደላላ ወሬ ሲነሳ ደሙ ይፈላል።

ያናደደው ቁጥሩ ነው። በ2007 የወጣው አዋጅ 909 በሰው የነገደን ሰው ከ15 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣ ነበር፤ መቀጮውም ከ150 ሺህ እስከ 300 ሺህ ብር። በ2012 የተካው አዋጅ 1178 ግን መነሻውን ከ7 እስከ 12 ዓመት አወረደው፤ መቀጮውን ደግሞ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ። ተጎጂዋ ሴት ወይም ልጅ ስትሆን ነው ከ10 እስከ 20 ዓመት የሚሄደው።

«ሃምሳ ሺህ ብርማ አንድ ሰው ሲያሻግር ያገኘዋል» አለ።

«አትቸኩል እንጂ» አሉት ጠበቃው። በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ ነው የምንላቸው። «ችሎት ፊት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ዋናው ሰውዬ አይደለም። ከሰፈር ልጅ ሰብስቦ መተማ የሚያደርስ ተላላኪ ነው። ለሱ 25 ዓመት ሲባል ዳኛውም ይከብደዋል።»

«ይክበደዋ!»

«ነጻ ሲለቀውስ?»

ባለሱቁ ጣልቃ ገባ። «ራሳቸው ፈልገው ለሚሄዱት ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለ። ጠበቃው ለዚህ ብዙም አልደከሙም። ደላላው አታሎ፣ አስገድዶ ወይም የተጎጂዋን ችግር ተጠቅሞ ከሆነ እሺ ማለቷ አያድነውም አሉ። ሕጉ ያንን በር ከዘጋው ቆይቷል።

እስከዚያ ዝም ብላ የነበረችው ከቤሩት የተመለሰችው ልጅ ናት።

«እኔን ማን እንደላከኝ ታውቃላችሁ? የእናቴ የአክስት ልጅ! ስመለስ ከሰስኩት። ፖሊስ ቃሌን ተቀበለ። በሳምንቱ ሽማግሌ መጣ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች፣ እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላ። እናቴ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ከበላው ብር ትንሽ መለሰልኝ። ኪራይ ነበረብኝ፣ ተቀበልኩ። ለምስክርነት ስጠራ ቀረሁ፣ ፋይሉም ተዘጋ። ሰባት ሆነ ሃያ አምስት ለኔ ምን ለውጥ አለው?»

«ተጎጂን ለማቋቋም እኮ አዋጁ ላይ ፈንድ አለ» አሉ ጠበቃው። «የምስክሮች ጥበቃ አዋጅም፣ 699፣ ከ2003 ጀምሮ አለ።»

«ጋሼ ሙት፣ እኔ ጋ ድርሽ ያለ የለም።»

እኔ ከሷ ጋር ነኝ። ሊቢያ ውስጥ በኒ ዋሊድ በምትባል ከተማ ስደተኛ አጉሮ በማሰቃየት ስሙ የገነነው ኪዳኔ ዘካርያስ በ2012 አዲስ አበባ ላይ እንዴት ተያዘ? ቀድሞ እጁ ላይ የነበረ አንድ ልጅ መንገድ ላይ አይቶ ለየው፣ ለፖሊስም ጠቆመ። በቃ። ከዚያ በ2013 ጉዳዩ እየታየ ሳለ ሰውዬው አመለጠ። በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ሱዳን ውስጥ እስኪያዝ እስከ 2015 ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠቆሙትና የመሰከሩበት ልጆች በምን አንጀታቸው ተኙ? ከዕድሜ ልክ በላይ ምን ቅጣት ልንጨምርላቸው ነው?

ቤት ለሸጠው ወዳጄ ንዴቱ ይገባኛል፤ መቀጮው እኔንም አላጠገበኝም። ግን አዋጁን የሚያሻሽል ሰው ቢጠይቀኝ ከዓመቱ አልጀምርም። የተመላሿ ቃል በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሽማግሌ ሳይቀድም፣ ዳኛ ፊት ይመዝገብ እላለሁ። ኪራይዋንና የመመላለሻ ትራንስፖርቷን ፋይሉ እስኪዘጋ ፈንዱ ይክፈል። ከፍርድ በኋላ የሚሰጥ የመቋቋሚያ ብር ለሷ ዘግይቷል፤ ደላላው በሽማግሌ እጅ የሚልከው ብር ግን በሳምንቱ ደርሷል።