ከፓራፋንጎ በፊት ቸርኬ
«ፓራፋንጎውንና የጎን መሸፈኛውን በካርቦን ፋይበር መቀየር ሞተር ሳይክሉን በጣም ያቀለዋል» የሚለው አልተዋጠልኝም። ፋብሪካው የሚገጥመው ኤቢኤስ የተባለ ፕላስቲክ በ1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.05 ግራም ገደማ ነው፤ ካርቦኑ ደግሞ 1.6 ገደማ። ካርቦኑ የሚቀለው ጠንካራ ስለሆነ ስስ ተደርጎ ሲሠራ ብቻ ነው፣ ያም ቢሆን ትርፉ በግራም የሚቆጠር ነው። ለውበት ከሆነ እሰየው! ሲገዛ ግን ጀርባው ይታይ፤ ብዙው ርካሽ ዕቃ ፋይበር ግላስ ላይ አንድ ንብርብር ካርቦን የተለጠፈበት ነው፣ ከፕላስቲኩም ሊከብድ ይችላል። ክብደት መቀነስ የፈለገ ከቸርኬ ይጀምር፤ የሚሽከረከር ክብደት ሲቀንስ መነሳቱም፣ ማቆሙም፣ መታጠፉም ይቀላል። ነገር ግን ጉድጓድ ክፉኛ የመታው የካርቦን ቸርኬ እንደ አሉሚኒየም ጎብጦ አያስጠነቅቅም፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ንብርብሩ ሊላቀቅ ስለሚችል ሳይመረመር መንዳት አደገኛ ነው። ወደ ፓራፋንጎው ስመለስ፣ «እንዳይንቀጠቀጥ ቡሎኑን አጥብቃችሁ እሰሩ» ላልከው ወንድሜ፦ እባክህ ተው፣ ቀዳዳው ዙሪያ የሚሰነጠቀው በዚያ ነው። ሰፊ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ሥር የሚገባ ቀለበት) ከላስቲክ ጋር አስገብቶ በልኩ ማሰር ይበቃል። ላስቲኩ ሌላም ጥቅም አለው፤ አሉሚኒየም ካርቦኑን በቀጥታ ከነካና እርጥበት ካገኘ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል።