ተጠባባቂ ጉልቻ

ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጢን አለ። ገንዘብ ያዣችን ከግሩፑ ሌፍት ብሏል። ይሄ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ግሩፑ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። 43 ነበርን፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ 42 ነን። ለቅሶ ሲኖር እናዋጣለን፣ ልጅ ሲወለድ እናዋጣለን፤ በተረፈው ጊዜ የ"እንደምን አደራችሁ" አበባ እንላላካለን። ሰውዬው ምን ሆኖ ወጣ? ከመሃላችን አንዷ "ያለፈው ወር ሒሳብ አልተለጠፈም እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው። "እንዴ" የምትለዋ ሳትሆን አትቀርም የከነከነችው። አልተሳደበም፣ አላብራራም። ብድግ ብሎ ወጣ።

ሰው ይወጣል፤ በሱ አልጣላም። እኔን የሚያበግነኝ አመላለሱ ነው። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ አንዱ ሆደ ቡቡ ሄዶ ይለማመጠዋል። ይገባል። "ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ከረማችሁ?" ይላል፣ ዱባይ ደርሶ እንደመጣ ሰው። ግሩፑ በሙሉ እልል ይላል። የልብ ምልክት ይዘንባል። እሱ በሌለበት ደብተሩን ይዞ፣ ያልከፈለውን እየለመነ፣ የከፈለውን ደረሰኝ ላክ እያለ፣ ሲሰደብ የከረመው ሰውስ የሚል የለም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ንዴቴ ወዴት እንደወሰደኝ ታውቃላችሁ? ካሊፎርኒያ።

ብሊንክ 182 የሚባል ባንድ አለ። ዲሽ ያለው ጎረቤት የነበራችሁ የኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሷቸዋላችሁ። በአንዱ ክሊፕ ሦስቱም አባላት ራቁታቸውን በሎስ አንጀለስ መንገድ ላይ ይሮጣሉ። የጎረቤታችን እናት ቴሌቪዥኑን በነጠላ የሸፈኑት ያን ቀን ነው። ድምፁን ግን መሸፈን ረሱ፤ እኛም ሰማን። ሙዚቃው ፖፕ ፐንክ ይባላል። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይሮጣል፣ አዝማቹ ግን ልብስ እያጠቡ የሚያንጎራጉሩት ዓይነት ነው። ጉዳዩም ከባድ አይደለም፤ ሴት ልጅ፣ ወላጅ፣ አላድግም ማለት።

የተጀመሩት በ1992 ነው (በነሱ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የነሱ ናቸው)። ቦታው ሳንዲያጎ አጠገብ ያለች ፓወይ የምትባል ከተማ። ቤዝ የሚጫወተው የማርክ ሆፐስ እህት ወንድሟን ጊታር ከሚጫወተው ከቶም ዴሎንግ ጋር አስተዋወቀችው። ማርክ በዚያው ቀን ጉራውን ሊያሳይ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ወጣ፤ ሲወርድ እግሩን ተጎዳና ለሳምንታት በክራንች ሄደ። እንዲህ ተጀምሮ ያልተጎዱበት ወዳጅነት ካለ ንገሩኝ። ከበሮ የሚመታላቸው ስኮት ሬይነር ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ስማቸውም ብሊንክ ብቻ። አየርላንድ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ባንድ ተገኘና በሕግ እንጠይቃለን ሲላቸው 182 ጨመሩበት። ቁጥሩ ምን ማለት ነው ሲባሉ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ሌላ ሌላ ተረት ይነግሩታል። የኛም ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ሲጠየቅ እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ ሦስት ሰው። ሦስት ጉልቻ።

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አያቴ ሬዲዮ ላይ ሹም ሽር በተነገረ ቁጥር ትለው ነበር። የተሿሚዎቹ ስም ሳያልቅ ተረቷን ብላ ወደ ድስቷ ትዞራለች። ስንት መንግሥት ሲቀያየር ይሄ ተረት ከሥራው አልተነሳም፤ ጡረታ የሚወጣም አይመስለኝም። ባለፈው ለልጄ ብነግራት "ጉልቻ ምንድን ነው?" አለችኝ። የኮንዶሚኒየም ልጅ ናት፤ የምታውቀው ምድጃ ሶኬት አለው። ሦስት ድንጋይ፣ ከላይ ድስት፣ ከሥር እንጨት ብዬ አስረዳኋት።

"አንዱ ድንጋይ ቢወጣስ?"

"ድስቱ ይደፋል።"

"ታዲያ ለምን አራት አያደርጉትም?"

ይሄን አያቴም አላሰበችበትም።

ደግሞ ተረቱ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ይሄን ስል እየከፋኝ ነው። በ1998 ሬይነር ከባንዱ ወጣ፤ ወጣ ማለት፣ አስወጡት። በቦታው ትራቪስ ባርከር ገባ። ትራቪስ የጀግና ፊልም የመሰለ ልብስ ለብሶ የሚጫወት አኳባትስ የተባለ ባንድ ከበሮ መቺ ነበር። በጉዞ መሃል ለጊዜው ብለው ተዋሱት፤ ዘፈኖቹን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አጠናቸው ይባላል። የተዋሱትንም ሳይመልሱ ቀሩ። በዓመቱ ያወጡት አልበም ዓለምን አዳረሰ። የ2001ዱ ደግሞ በወጣ በሳምንቱ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ። አንድ ጉልቻ ተለወጠ፤ ወጡ ጣፈጠ። አያቴ፣ ይቅር በዪኝ።

ከዚያ ያው የታወቀው ነገር መጣ። ቶም ጠቆር ያለ ሙዚቃ መሥራት አማረውና ቦክስ ካር ሬሰር የሚባል ሌላ ባንድ ጎን ለጎን አቋቋመ። ከበሮ እንዲመታለት ትራቪስን ጠራ። ማርክን አልጠራም። ሦስት ሆናችሁ ሁለቱ ክትፎ ቤት ሄደው የተነሱትን ፎቶ ስልክ ላይ ማየት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ማርክ ተቀየመ። አልፈርድበትም። ክትፎው ደግሞ ሁልጊዜ እናንተ የሌላችሁ ቀን ነው ልብ አድርስ የሚሆነው።

በ2005 ቶም ሄደ። "ላልተወሰነ ጊዜ ዕረፍት" ተባለ። ይሄን አማርኛ እናውቀዋለን፤ "ለእድሳት ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ከለጠፈ ምግብ ቤት ስንቱ ተከፈተ? ቶም ኤንጅልስ ኤንድ ኤርዌቭስ የሚል ባንድ መሠረተ፤ ማርክና ትራቪስ ደግሞ ፕላስ 44። መነጋገርም ተዉ። እኛ ጋ ቢሆን ሦስት ጋቢ የለበሱ አባቶች ደጅ ይጠኑ ነበር። "ልጆቼ፣ ሰይጣን ነው መሃላችሁ የገባው" ብለው፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይለይ፣ በሁለት ቀን ያስሟቸው ነበር። እዚያ ያለው ማናጀር ነው። ማናጀር ጋቢ የለውም፤ የሚሠራውም በኮሚሽን ነው።

ያገናኛቸው ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። በሴፕቴምበር 2008 ትራቪስ የተሳፈረበት ትንሽ ጄት ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሊነሳ ሲንደረደር ተከሰከሰ። አራት ሰው ሞተ። እሱ ክፉኛ ተቃጥሎ ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ያህል አውሮፕላን አልተሳፈረም። ቶምና ማርክ በዚህ ምክንያት ተደዋወሉ። በ2009 የግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ ሦስቱም ቆመው ተመልሰናል አሉ።

ቆዩ? አልቆዩም። በ2015 መጀመሪያ ላይ ማርክና ትራቪስ "ቶም ወጥቷል፤ በማናጀሩ በኩል በኢሜይል ነገረን" አሉ። ቶም ደግሞ ኢንስታግራም ላይ ወጥቶ "ኧረ እኔ አልወጣሁም" አለ። ቴሌግራም ይሻላል። ቴሌግራም ቢያንስ ራሱ ይወጣ፣ ያስወጡት ግልጽ አድርጎ ይጽፋል።

ቶም ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ ሰማይ ላይ ሆነ። በሰማይ የሚበር ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ማጥናት ያዘ፤ በ2017 ለዚሁ ሥራ ድርጅት አቋቋመ። ሰው ሳቀበት። በ2019 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ድርጅቱ ያሰራጫቸው ቪዲዮዎች የእውነት መሆናቸውን፣ የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ግን እንዳልታወቀ ተናገረ። የሚያናድደው ይሄ ነው። ጥሎ የሚሄድ ሰው ጭራሽ ትክክል ሆኖ ቁጭ ይላል።

አሁን ወደ ሰውዬዬ ልምጣ። ማት ስኪባ። ቶም የተወውን ማይክራፎን ያነሳው እሱ ነው። ሥራ ፈት አልነበረም፤ በ1996 ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተ አልካላይን ትሪዮ የሚባል የራሱ ባንድ አለው። ና ተባለ፣ መጣ። የሌላ ሰው ዘፈን በሌላ ሰው ቁልፍ ዘፈነ። ሁለት አልበም አብሯቸው ሠራ። የ2016ቱ አሜሪካም እንግሊዝም አንደኛ ወጣ፤ ለባንዱም የመጀመሪያውን የግራሚ እጩነት አመጣለት። ልብ በሉ፤ ከ20 ዓመት በላይ ሲደክሙ ያላገኙትን በተጠባባቂው ዘመን አገኙ። ተመልካቹ ግን ከታች ሆኖ "ቶምስ?" ይላል።

ተጠባባቂ። ይቺን ቃል ማን እንደፈጠራት ባውቅ ቢሮው ድረስ እሄድ ነበር። አጎቴ አራት ዓመት ተጠባባቂ የክፍል ኃላፊ ነበር። ሥራው የኃላፊ፣ ስድቡ የኃላፊ፣ ደመወዙ የድሮው። በአምስተኛው ዓመት ዋናው ተሾመ። አጎቴ እንዲያለማምደው ታዘዘ።

የኔ ይባስ። የዛሬ 11 ዓመት አንድ ጓደኛችን ሊያገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከአንደኛ ሚዜው ጋር ተጣላ። በከረባት ቀለም። እኔ ተጠራሁ። ሱፍ አሰፋሁ፣ በራሴ ገንዘብ። የጭፈራ ልምምድ ሄድኩ፤ እኔ እስክስታ ስወርድ ያየ ሰው ያን መሥዋዕትነት ይረዳዋል። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ማታ ዋናው ሚዜ ታረቀ። ሙሽራው ትከሻዬን አቅፎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንተማ የቤት ሰው ነህ።"

የቤት ሰው! በዚህ አገር የቤት ሰው ነህ ከተባልክ ወንበር የለህም ማለት ነው። መጠጥ ክፍል ተመደብኩ። ችግሩ ሱፌ ከሚዜዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሌላ ደግሞ አላመጣሁም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በሚዜ ሱፍ ቢራ ሳመላልስ ዋልኩ። አንድ ሽማግሌ "የኔ ልጅ፣ አዳራሹ አስተናጋጆቹን እንዲህ አሳምሮ ማልበሱ ደስ ይላል" ብለው 50 ብር ኪሴ ከተቱልኝ። ተቀበልኳቸው። አልበሙ ውስጥ አንድ ፎቶ ላይ አለሁ፤ ግራ ትከሻዬ።

እና ስኪባ ምን እንደተሰማው ማንም አያስረዳኝም። በ2021 ማርክ ካንሰር ያዘው። ቶም ጠየቀው፣ ሦስቱም ተገናኙ፣ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ማርክም ዳነ፤ እሰየው። መታረቃቸውንም እሰየው እላለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን በ2022 አጋማሽ ላይ አንድ አድናቂ ስኪባን "አሁንም የባንዱ አባል ነህ?" ብሎ ቢጠይቀው፣ የመለሰው እኔም እንዳንተው ነኝ የሚል ዓይነት ነገር ነው። ሰውዬው ሰባት ዓመት ሠርቶ መባረሩን አያውቅም! በኦክቶበር ቶም መመለሱ ታወጀ። ቶምም እኔ በሌለሁበት ባንዱን ስላቆየህልን አመሰግናለሁ የሚል ጽሑፍ ለስኪባ ለጠፈ። የምስጋና ወረቀት መሆኑ ነው። ፍሬም ተደርጎ ሳሎን የሚሰቀለው፣ ማህተም ያለበት።

ዓለም እልል አለ። በ2023 ሦስቱ ያወጡት አልበም አንደኛ ሆነ። እዚያው ውስጥ ለመታረቅ በሽታና የአውሮፕላን አደጋ ሊያስፈልገን አይገባም ነበር የሚል ይዘት ያለው ዘፈን አለ። ስሰማው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ለስኪባ የሚሆን አንድ ስንኝ ጠፋ?

እሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ደርሶ ሲያይ የአልካላይን ትሪዮም ከበሮ መቺ በ2023 ተቀየረ። አዲሱ ማን መሰላችሁ? አተም ዊላርድ፤ ድሮ በቶም ኤንጅልስ ኤንድ ኤርዌቭስ ውስጥ ከበሮ ሲመታ የነበረው። ስኪባ ጊታሩን ይዞ መጣ፤ የቶም የድሮ ከበሮ መቺ እዚህ ሆኖ ጠበቀው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው ጉልቻ ሁሉ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለጠ ሳይሆን አይቀርም።

ከምን ተነስቼ ነው እዚህ የደረስኩት? አዎ፣ ገንዘብ ያዡ።

ይሄን እየጻፍኩ ግሩፑ ላይ መልእክት ገባ። የአንዱ ጓደኛችን አባት አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። መዋጮ ይሰብሰብ ተባለ። ሒሳቡን ማን ይያዝ ሲባል 11 ሰው ስሜን ጻፈ። "ለጊዜው ነው" አለች አንዷ፣ "እንዴ" ያለችዋ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ፤ ለቅሶ ነው።

ችግሩ የባንክ ሒሳቡ በሱ ስም ነው። መደወል ነበረብኝ። ሦስቴ ጠርቶ ተነሳ።

"አንተ ሰውዬ!" አለኝ በሞቀ ድምፅ። "ምነው፣ የት ጠፋህ?"