ቧንቧም ባልትና ነው

እኛ ሰፈር፣ አዲስ አበባ ዳርቻ ቱሉ ዲምቱ፣ ውሃ የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው። የእኛ ብሎክ ፈረቃ ረቡዕ ሌሊት ነው፤ እሱም ከመጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቀይ ውሃ ያንቆረቁራል። ያን ጊዜ ከአልጋ ወርዶ ጀሪካን መደርደር ነው። አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ውሃው እኛ ጋ ሲደርስ ደክሞታል። 10 ሜትር ሽቅብ መውጣት ብቻ 1 ባር ያህል ግፊት ይበላል። ምድር ላይ ያሉት ሮቷቸውን ሞልተው እስኪተኙ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን።

እንዲህ ተጠብቆ የመጣ ውሃ በወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ሲሄድ ያናድዳል። አንድ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጆግ አስቀመጥኩበት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስለካው ሁለት ሊትር ተኩል ሆኗል። ቁጭ ብዬ አባዛሁት። በወር 200 ሊትር ነው፤ አንድ በርሜል ሙሉ፣ ወይም አሥር ጀሪካን። አሥር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ወገቡን ይይዛል።

ሳኒተሪ ጠራሁ። "እየመጣሁ ነው፣ ቃሊቲ ደርሻለሁ" አለኝ። ሦስት ቀን ቃሊቲ ነበር። በአራተኛው ቀን መጣና ቧንቧውን ሳያይ "ባለቤትሽ የለም?" አለኝ። ባለቤቴ መስክ ወጥቶ መተሐራ ነበር። ስልክ ደወልንለት። ሰውየው የእኔን ወጥ ቤት ችግር፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሰው አስረዳ። ከዚያ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ አዲስ ገጠመ፤ ተከፈለው፤ ሄደ። አሮጌው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ማታ በባለቤቴ ፒንሳ ፈታሁት። ውስጡ ውሃውን የምትዘጋ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጥቁር ጎማ አለች፤ ጎሚኒ የምንላት። መሐሏ ተበልቷል። ችግሩ ያ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ሰፈር ካለው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄጄ ዋጋዋን ጠየቅሁ። ከአንድ ማኪያቶ በታች ነው። ባለሱቁም "ለባለቤትሽ ነው?" አለኝ።

"ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ይላል ተረቱ። ወንዱ መተሐራ ነው፤ ቧንቧው ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው። በምን ይለቅ?

ነገሩን ሳስበው የገረመኝ አንድ ቃል ነው፤ "ባለሙያ"። ስለ አንዲት ሴት "ባለሙያ ናት" ከተባለ ወጧ ይጥማል፣ እንጀራዋ ዓይን አለው ማለት ነው። "ባለሙያ ጥሪ" ከተባለ ደግሞ ሳኒተሪው ወይ ኤሌክትሪሻኑ ነው። አንዱ ቃል ሁለት ቤት አለው። ድሮ ግን ቤቱ አንድ ነበር። አያቴ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሟሽ ነበር። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭቃና እበት አቡክታ የምትለቀልቀው እሷ ነበረች። ወንድ አልጠራችም። ቤት መጠገን የባልትናዋ ክፍል ነበር። ግድግዳው ብሎኬት ሲሆን፣ ውሃው ከምንጭ ወደ ቧንቧ ሲገባ፣ ያ እውቀት ከእጃችን ወጣ። ባልትና ማለት በርበሬና ሽሮ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ጎሚኒ መቀየር ባልትና ነው። ሲፎን፣ ያን የሲንክ ሥር ጠማማ ቱቦ፣ መፍታትም ባልትና ነው። እንደ አዲስ አበባ ዳርቻ ውሃው በሌሊት በሚመጣበትና ባለሙያው ቃሊቲ በሚያድርበት ቦታ ላይ ደግሞ ግዴታ ነው። ለሴቶች ብቻ አላልኩም። ግን ቤት የሚውለው፣ ጀሪካን የሚደረድረው፣ ጠብታውን የሚሰማው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ከየት ይጀመር? ከቫልቩ። ወደ ቤትሽ የሚገባውን ውሃ የሚዘጋው ቫልቭ የት እንዳለ አሁን ተነሺና እዪ። ከቆጣሪው አጠገብ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ዝጊው፣ ክፈቺው። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ በዝገትና በጨው ይደርቃል፤ በቸገረሽ ሌሊት አይዞርም። በየጥቂት ወሩ ማንቀሳቀስ ነው መድኃኒቱ።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ጎሚኒዋን ገዝቼ የአሮጌውን ቧንቧ ከቀየርኩ በኋላ ልቤ አበጠ። የሽንት ቤቱ ታንከር መግቢያ ላይ ያለችው ዳዶ፣ ቱቦውን የምታጠብቀው ባለ ክር ቀለበት፣ ትንሽ ታረጥብ ነበር። እንግሊዝ ቁልፍ ገዛሁና ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኋት። ዳዶዋ ፕላስቲክ ናት። ያን ቀን ምንም አላለችም። ረቡዕ ሌሊት ውሃው ከነግፊቱ ሲመጣ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ እኔ ተኝቻለሁ። የቀሰቀሱኝ የታች ቤቷ እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። "ልጄ፣ እናንተ ጋ ዝናብ አለ እንዴ?" አሉኝ። ቫልቩን ስፈልግ፣ ካገኘሁት በኋላም አልዞር ሲለኝ፣ የሳቸው ኮርኒስ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ የመሰለ ቢጫ ነገር ተሣለ። ቀለሙን አስቀባሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክ በእጄ ነው የማጠብቀው፤ መጨረሻ ላይ ሩብ ዙር፣ በቃ።

ጎሚኒውን መቀየር ራሱ ከባድ አይደለም። ውሃውን ትዘጊያለሽ፣ ቧንቧውን ከፍተሽ የቀረውን ታፈሻለሽ፣ እጀታውን በካቻቪቴ ፈትተሽ ከሥሩ ያለውን ዳዶ በቁልፍ ታላቅቂያለሽ። አሮጌዋን ጎሚኒ ይዘሽ ሱቅ ሂጂ፤ በግምት አትግዢ። ከሩብ ዙር በላይ የማይዞሩት አዳዲስ ቧንቧዎች ግን ጎሚኒዋ የላቸውም። ውስጣቸው ሁለት የሴራሚክ ዝርግ እርስ በርሱ ይንሸራተታል። ጠላታቸው አሸዋ ነው። ስለዚህ ያ ቀይ ውሃ ሲመጣ በወጥ ቤቱ ሳይሆን በሽንት ቤቱ ዝቅተኛ ቧንቧ አስቀድመሽ ልቀቂው፤ እስኪጠራ ይሂድ። ቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም አልፎ አልፎ ፍቺያት። ውሃው ቀጠነ ብለን ግፊት የምናማርረው ብዙ ጊዜ እሷ በአሸዋ ተደፍና ነው። ነጭ ጨው ከያዛት አቼቶ ውስጥ አሳድሪያት፤ የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድኑ ስለሚበዛ ቶሎ ይይዛታል። ክር ያለው ነገር ስትገጥሚ ደግሞ ቴፍሎን የምንለውን ነጭ ቴፕ ዳዶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሚ። በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቂው ይላጣል።

የሽንት ቤት ታንከር በድብቅ ይሰርቃል፤ ድምፅ የለውም። የቀይ ሥር ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ሳትለቂ ቆዪ። ታች ሳህኑ ቀይ ከሆነ የውስጡ ጎሚኒ አልቋል።

ስለ ሲንኩ ብዙ አልልም። የሚደፍነው የጀበና አተላ ነው። ሦስተኛ በረካ ካለቀ በኋላ አተላውን ወደ ሲንክ የሚደፋ ሰው እቤቴ አይገባም ብያለሁ፤ እህቴን ጨምሮ። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠሽ ሲፎኑን በእጅሽ ፍቺ፣ እጠቢ፣ መልሺ። ብቻ በረኪናና አሲድ እንዳትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ይገድላል።

በነገራችን ላይ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚኒ፣ አቼቶ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ዕቃውም ስሙም ከውጭ መጣ፤ ለእጅ ሥራ ያለን ንቀት ግን የራሳችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ግን ባለፈው ወር ቁልፍ ይዤ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ጎረቤት "አንቺ የተማርሽ ሰው!" አለኝ። ምን ልበለው?

ሌላም የሚባል ነገር አለ፤ "የሰው እንጀራ ትዘጋላችሁ" ይሉናል። አይመስለኝም። ለጎሚኒ ከቃሊቲ የሚመጣ ሳኒተሪ ታክሲውንም አያወጣም፤ ለዚህ ነው ቧንቧውን ሙሉ የሚነቅለው። ትንሹን ራሳችን ከሠራን እሱን ለትልቁ እንጠራዋለን፤ ሲመጣም ምን እንደሚሠራ ስለምናውቅ ዋጋውን ተከራክረን በደስታ እንከፍለዋለን። ጥሩ ሳኒተሪ ይህን አይጠላም። የሚጠላው ካለ ደግሞ ለምን እንደሚጠላ ይገባኛል።

የማልነካቸው ነገሮችም አሉ። ግድግዳ ውስጥ የሚፈስ ቧንቧ አልነካም። ፎቆቹ በጋራ የሚጠቀሙበትን ቁም ቧንቧ ለኮሚቴው ትቼዋለሁ። ቦይለር አልፈታም፤ ውሃና 220 ቮልት አንድ ዕቃ ውስጥ ናቸው፤ መሬት ሽቦው በትክክል ካልታሰረ ገላ እየታጠቡ መሞት አለ። ምጣድ በማከፋፈያ የሚሰካ ሰው ሳይ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ማከፋፈያው ይቀልጣል። በረንዳ ላይ 1000 ሊትር ሮቶ መትከልም እንዲሁ ነው። ሲሞላ አንድ ቶን ነው። አንድ ቶን ማለት ትንሽ አውቶሞቢል በረንዳሽ ላይ ማቆም ነው።

ባለፈው ረቡዕ ሌሊት በሬ ተንኳኳ። የታች ቤቷ እትዬ ናቸው፤ ያችው ነጠላ። ደነገጥኩና ቀና ብዬ የራሴን ቧንቧዎች አየሁ። የትም አይፈስም።

"አይ፣ ዛሬስ የኔው ነው" አሉ። "ካቻቪቴሽን ይዘሽ ነይ። ቡና ጥጃለሁ።"