ቀላሉ ሽጉጥ ለጀማሪ አይቀልም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪቮልቨር (ጥይት መያዣው የሚሽከረከር ሽጉጥ) ለሚገዛ ሰው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642ን ከሩገር ጂፒ 100 አስበልጧል፤ ምክንያቱም «ቀላል ነው» የሚል ብቻ ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። የ642 ክብደት ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ኪስም ይገባል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሽጉጡ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት በመዳፍ ላይ ይበረታል። ጥይቱን የሚያስፈነዳው መዶሻ ከውስጥ የተደበቀ ስለሆነ በአውራ ጣት አስቀድሞ ማቀባበል አይቻልም፤ እያንዳንዱን ጥይት በረጅሙና በከባዱ ቃታ መሳብ ግድ ነው። አፈሙዙ አጭር በመሆኑ ደግሞ ጥቂት የእጅ መንቀጥቀጥ ጥይቱን ከዒላማው ያርቀዋል። ይህ የለመደ ሰው መሣሪያ ነው!

ጂፒ 100 አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ግፊቱ ይለዝባል። 357 ማግነም ለሚባለው ኃይለኛ ጥይት የተሠራው ሞዴል ለስለስ ያለውን 38 ስፔሻል ጥይትም ይተኩሳል፤ ጀማሪ በዚያ ይለማመዳል። 642 ግን 357 አይጎርስም።

እዚህ አዳማ የማውቃቸው አዛውንቶች ሽጉጥ የሚመርጡት በእጀታው ጌጥ ነው፤ ከጸሐፊው ምክንያት ብዙም አይርቅም። ለማንኛውም በእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ፣ ስለ ሞዴል ከመከራከር በፊት የፈቃዱ ጉዳይ ይቀድማል። ጸሐፊው ስለ ቃታው ክብደት ለምን ዝም እንዳሉ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።